የተሸሸገው ስንጥቅ

፩ ጊታር ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

ጊታር ስድስት አውታር ያለው፥ በጣት የሚመታ የዜማ ዕቃ ነው። በገናና ክራርም የአውታር ዕቃዎች ናቸው፤ በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው። ነገር ግን የበገናና የክራር አውታሮች ከላይ በቀንበሩ ላይ ታስረው ወደ ታች ወደ ገበታው ይወርዳሉ፤ የጊታር አውታሮች ግን በረዥም አንገት ላይ ተዘርግተው ያልፋሉ። ጊታር መቺው በግራ እጁ ጣቶች አውታሩን በአንገቱ ላይ እየተጫነ ያሳጥረዋል፤ በቀኝ እጁ ጣቶች ይመታዋል። አውታር ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል።

የጊታር ክፍሎች እንደ ሰው አካል ይጠራሉ፤ ራስ፥ አንገት፥ ፊት፥ ጐንና ጀርባ አለው። በራሱ ላይ አውታሩን የሚያጠብቁና የሚያላሉ ስድስት መቃኛዎች አሉ። በአንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ የሚለዩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተተክለዋል። በፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው በታች የአውታሮቹ ጫፍ የሚታሰርበት እንጨት ተለጥፎአል። በበገናና በክራር ላይ አውታሩን የሚሸከመው እንጨት በርኩማ ስለሚባል፥ በዚህ ትምህርት ይህም በርኩማ ተብሎ ይጠራል።

የአውታር ድምፅ ብቻውን ትንሽ ነው። በሁለት ምስማር መካከል ጅማት ወጥሮ የመታ ልጅ ይህን ያውቃል። በጊታር ላይ ግን አውታሩ ሲንቀጠቀጥ በርኩማውን ያንቀጠቅጣል፤ በርኩማው የፊቱን ገበታ፥ ገበታውም በሆዱ ውስጥ ያለውን አየር ያንቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ትንሹ ድምፅ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ገበታው በቀላሉ እንዲንቀጠቀጥ ስስ መሆን ይገባዋል፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ስድስቱ አውታሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ 40 ኪሎ ያህል ሸክም በሚያህል ኃይል ይስባሉ፤ አውታሮቹ ብረት ሲሆኑ ስበቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ገበታው ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራም መሆን አለበት። ቢወፍር ድምፁ ይታፈናል፤ እጅግ ቢሳሳ ይጐብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ጊታር ሠሪ ስስነትንና ጥንካሬን ማስታረቅ አለበት። ይህም ጥበብ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ እጅ ሠርቶ፥ ተሳስቶ፥ ዳግመኛም ሠርቶ ይማረዋል እንጂ።

፪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ

ዛሬ ክላሲክ ለሚባለው ጊታር መልኩንና መጠኑን ካጸኑለት ሰዎች ዋነኛው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የተባለ የእስጳንያ ሰው ነው። እርሱም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. በደቡብ እስጳንያ በአልሜሪያ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አናጢነትን ተማረ፤ ኋላም ወደ ሴቪል ከተማ ሄዶ ጊታር ሠሪ ሆነ። በ1858 ዓ.ም. በሴቪል በተደረገው የእጅ ሥራ ትርኢት ስለ ሠራው ጊታር የነሐስ ሜዳይ ተሸለመ።

የጊታር ድምፅ ከየትኛው ክፍል ይመነጫል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል፤ ከፊቱ ነው የሚል አለ፥ ከጐኑና ከጀርባው ነው የሚልም አለ። ቶሬስ ነገሩን በክርክር አልፈጸመውም፤ በሥራ መረመረው እንጂ። በ1862 ዓ.ም. ፊቱን ከመልካም እንጨት፥ ጐኑንና ጀርባውን ግን ከወረቀት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። በዚህም የድምፁ ዋና ምንጭ የፊቱ ገበታ መሆኑን አስረዳ። ያ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና ከተማ በሙዚቃ ቤተ መዘክር ይገኛል። ቶሬስ ከገበታው በታች ብዙውን ጊዜ ሰባት ቀጫጭን የእንጨት ማገሮችን እንደ ተዘረጉ የእጅ ጣቶች አድርጎ ይለጥፍ ነበር። ማገር የቤትን ግድግዳ እንደሚያጸና፥ እነዚያም ስሱን ገበታ ያጸኑታል።

አንድ ወዳጁ ካህን ኋላ እንደ መሰከረው፥ ቶሬስ ስለ ጥበቡ ምሥጢር በተጠየቀ ጊዜ፥ ምሥጢሩ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ እንዳለ፥ ስለዚህም ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር እንደሚወርድ ተናገረ። ገበታውን በሁለቱ ጣቶች መካከል ይዞ ሲዳስሰው መልካም መሆኑንና አለመሆኑን ያውቅ ነበርና። እንዲህ ያለ ዕውቀት በውርስ አይተላለፍም፤ በገንዘብም አይገዛም። ብዙ ገበታ የላገ ጣት ብቻ ያገኘዋል። ቶሬስ በ1892 ዓ.ም. ሞተ፤ የሠራቸው ጊታሮች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለሠሪዎች አብነት ሆነው ይኖራሉ።

ብዙ ገበታ የሚልግ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ይሁን እንጂ የሚሳሳት ሁሉ አይማርም፤ አንዱ ከስሕተቱ ጥበብ ሲያገኝ፥ ሌላው ከስሕተቱ ጉዳትን ብቻ ያገኛል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚከተለው ምሳሌ ያስረዳል።

፫ የሽማግሌው ሠሪና የልጁ ምሳሌ

በቀድሞ ዘመን ግራናዳ በምትባል የእስጳንያ ከተማ አንድ ሽማግሌ ጊታር ሠሪ ነበሩ። አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ሥራ ሊማር በእርሳቸው ዘንድ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ሙጫ እያሞቀ፥ መጋዝ እየሳለ፥ ፍቅፋቂ እየጠረገ አገለገለ። በአራተኛው ዓመት ሽማግሌው ጠርተው፥ «ልጄ፥ እንግዲህ አንድ ጊታር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻህን ሥራ» አሉት። በግድግዳውም ላይ አንድ ሰሌዳ ሰቀሉለትና፥ «በተሳሳትህ ጊዜ ስሕተትህንና ምክንያቱን በዚህ ላይ ጻፍ፤ ስለ ጻፍኸው ስሕተት ቅጣት የለብህም» አሉት።

ልጁ በመጀመሪያ የጐኑን እንጨት ሊያጐብጥ ተነሣ። እንጨቱ ሳይፕረስ ይባላል፤ በኢትዮጵያ የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ዛፍ የዚሁ ወገን ነው። ጐን የሚሆነው እንጨት 2 ሚሊሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ተልጎ፥ በውኃ ርሶ፥ በጋለ ብረት ላይ ቀስ እየተባለ ይጐብጣል። ብረቱ ያልጋለ እንደ ሆነ እንጨቱ ይሰበራል፤ እጅግ የጋለ እንደ ሆነ እንጨቱ ያርራል። ልጁ ቸኰለ፤ ብረቱ ሳይግል እንጨቱን ተጫነው፤ እንጨቱም እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ልጁ ደነገጠ፤ ነገር ግን የታዘዘውን አስቦ በሰሌዳው ላይ፥ «ጐኑ ተሰበረ፤ የብረቱን ግለት ሳልፈትን ስለ ቸኰልሁ ነው» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው አንብበው ሌላ እንጨት ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አስቀድሞ በብረቱ ላይ የውኃ ጠብታ ይጥላል፤ ጠብታው ጮኾ ሲዘል ባየ ጊዜ ብቻ ማጐበጥ ይጀምራል። እንጨቱ እሺ ሲለውና እንቢ ሲለው በእጁ ይታወቀው ጀመር። ዳግመኛም ጐን አልሰበረም።

ቀጥሎ በአንገቱ ላይ የዘንጎቹን ስፍራ ለካ። አውታሩ ከራሱ ሥር እስከ በርኩማው ድረስ 650 ሚሊሜትር ይረዝማል። የመጀመሪያው ዘንግ ከራሱ ሥር 36 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለው ርቀት ወደ በርኩማው ሲቀርብ እያነሰ ይሄዳል፤ ዐሥራ ሁለተኛውም ዘንግ በአውታሩ እኩሌታ፥ ይኸውም በ325 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። ልጁ ግን ሁሉን ከአንድ መነሻ በመለካት ፈንታ እያንዳንዱን ዘንግ ከቀደመው ዘንግ ለካ፤ በእያንዳንዱም ልክ ግማሽ ሚሊሜትር አበዛ። ግማሽ ሚሊሜትር ለዓይን ኢምንት ነው፤ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሲደመር ግን 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ዐሥራ ሁለተኛው ምልክት በ325 ላይ መዋሉ ቀርቶ በ331 ላይ ዋለ። እንዲህ ያለ ጊታር ምንም ቢቃኙት ዜማው ይጣመማል። ልጁ ስሕተቱን ዘንጎቹን ሳይተክል አገኘው፤ ምልክቶቹን በመላጊያ አጠፋና በሰሌዳው ላይ፥ «ልኬ ተሳሳተ፤ ትንሹን ስሕተት በትንሽ ስሕተት ላይ ስለ ጨመርሁ ነው። ልክ ሁሉ ከአንድ መነሻ ይሁን» ብሎ ጻፈ።

ወደ ሱቁ የሚመጡ ሰዎች ሰሌዳውን ያነቡ ነበር፤ አንዳንዶቹም ይሥቁ ነበር። ልጁ ግን የተጻፈው ስሕተት የታረመ ስለ ሆነ አላፈረበትም።

ከዚህ በኋላ የፊቱን ገበታ ሊልግ ተቀመጠ። የገበታው እንጨት ስፕሩስ ይባላል፤ በብርዳም አገር ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ ቀላልና ጠንካራ እንጨት ነው። ያ እንጨት ልጁ ወደዚያ ቤት ከመምጣቱ አስቀድሞ ተሰንጥቆ በጥላ ሲደርቅ የኖረ ነበር፤ ዋጋውም ውድ ነበር። ሽማግሌው፥ «ገበታ የሚላገው በቀን ብርሃን ነው» ብለውት ነበር፤ ልጁ ግን ሥራውን ቶሎ ሊጨርስ ወድዶ በሌሊት በመብራት ላገ። መላጊያውም በገበታው ጫፍ ላይ ተቀረቀረ፤ ከእንጨቱም ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ልጁ መብራቱን አቅርቦ ቢያይ፥ ከጠርዙ ወደ መካከል የሚሄድ፥ ከጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየ።

በዚያን ጊዜ ልቡ ሁለት ሆነ። አንዱ አሳብ፥ «ሂድና ጻፍ» አለው። ሁለተኛው አሳብ፥ «ጐን ሰበርህ፥ ልክ ሳትህ፤ አሁን ደግሞ ይህን ውድ እንጨት አጠፋህ። ቢያባርሩህ እናትህን ምን ትላታለህ?» አለው። ልጁም ሁለተኛውን ሰማ። ሙጫና የእንጨት ዱቄት ቀላቅሎ ስንጥቁን ሞላው፤ በደረቀም ጊዜ ፍቆ አለሰለሰው። ጊታሩን ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ቫርኒሽ ቀባው፤ ስንጥቁም ከዓይን ተሰወረ። በሰሌዳው ላይ ግን ምንም አልጻፈ። ሽማግሌው ጊታሩን አይተው፥ «መልካም ሠርተሃል» ባሉት ጊዜ ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ለሽማግሌው ትሕትና መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ልጁ በሱቁ ውስጥ አውታር ሲወጠር በሰማ ቍጥር ይደነግጥ ነበር።

ጊታሩን አንድ ድኻ ጊታር መቺ ገዛው። ይህ ሰው በሰርግና በበዓል እየመታ አራት ልጆቹን የሚመግብ ነበረ፤ የጊታሩንም ዋጋ ሁለት ዓመት ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ነበር። የብርዱና የዝናቡ ወራት አልፎ የግራናዳ ደረቅ በጋ ገባ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የአውታሮቹ ስበት ደግሞ ቀንና ሌሊት ዕረፍት የለውም። ስለዚህ የተሸሸገው ስንጥቅ በዝምታ ይረዝም ጀመር። አንድ ቀን በሰርግ መካከል፥ ሙሽሮቹ ሊዘፍኑ በተነሡ ጊዜ፥ ገበታው ጮኾ ተሰነጠቀ፤ ድምፁም እንደ ነቃ ገንቦ ድምፅ ሆነ። ሰርገኞቹ ሌላ መቺ አስጠሩ፤ ድኻው ሰው ያለ ደመወዝ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግሥቱ ጊታሩን ታቅፎ ወደ ሱቁ መጣ። በሽማግሌው ፊት አኑሮም፥ «ጌታዬ፥ ይህ ከእጅዎ የወጣ ዕቃ ነው። አልጣልሁትም፥ ፀሐይ ላይም አልተውሁትም። ትናንት ልጆቼ ራት ሳይበሉ አደሩ» አለ። ሽማግሌው ስንጥቁን በማጉሊያ መነጽር መረመሩት፤ በውስጡም የደረቀ ሙጫና የእንጨት ዱቄት አገኙ። ትናንት በተሰነጠቀ እንጨት ውስጥ ግን ሙጫ ሊገኝ አይችልም። ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ፤ በሰሌዳው ላይ ሁለት ስሕተቶች ተጽፈው ነበር፤ ሦስተኛ አልነበረም። ልጁን አንድ ቃል ሳይጠይቁት ዝም አሉ።

ልጁ ዝምታውን ሊታገሥ አልቻለም። በእግራቸው ሥር ወድቆ፥ «አባቴ፥ እኔ ነኝ። ገበታው ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ተሰንጥቆ ነበር፤ ፈርቼ ሸሸግሁት» አለ።

ሽማግሌው አንሥተውት እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ በዚያች ሌሊት ነግረኸኝ ቢሆን፥ ስንጥቁን በትኩስ ሙጫ አጣብቀን ከበስተ ውስጥ ትንንሽ የእንጨት ድጋፍ በለጠፍንበት ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነበረ። አሁን ግን ጊታሩን መክፈት ግድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ የዚህም ሰው ልጆች ተርበው አድረዋል። ስንጥቁ አንድ ነው፤ ዋጋውን ያበዛው መሸሸጉ ነው። ጐን በሰበርህ ጊዜ ጻፍኸው፤ ዳግመኛም አልሰበርህም። ልክ በሳትህ ጊዜ ጻፍኸው፤ ዳግመኛም አልሳትህም። ከዚህኛው ግን መሸሸግን ብቻ ተማርህ።»

ከዚህ በኋላ ወደ ድኻው ሰው ዘወር ብለው፥ «ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። እኔም ጊታሩ ከመዘጋቱ በፊት ገበታውን በመስኮት ብርሃን ፊት አንሥቼ ማየት ሲገባኝ አላየሁም» አሉ። የሰርጉንም ደመወዝ ከፈሉት፤ የራሳቸውን ጊታር ከግድግዳ አውርደው የእርሱ እስኪጠገን ድረስ እንዲመታበት ሰጡት።

በዚያ ዘመን የጊታር ክፍሎች የሚጣበቁበት ሙጫ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነበር። ይህ ሙጫ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ እንደ ገና ይለቃል። ሥራው ቢበላሽ ተከፍቶ ሊታረም ስለሚችል ዛሬም ብዙ ሠሪዎች ይወዱታል። ልጁ በሞቀና በረጠበ ስስ ቢላዋ በጠርዙ ዙሪያ ቀስ በቀስ እየገባ ጀርባውን ከጐኑ አላቀቀ። ከዚያም ስንጥቁን የሸሸገበትን ዱቄትና ሙጫ ፍቆ አወጣ፤ ከሥራው ሁሉ የከበደውም ይህ ነበረ። በስፍራው ከዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ስንጣሪ አስገብቶ አጣበቀ፤ ከውስጥም ድጋፎችን ለጠፈ፤ ጀርባውንም መልሶ ገጠመ።

በሦስተኛው ሳምንት ፍጻሜ የጊታሩ ድምፅ ተመለሰ፤ በፊቱ ላይ ግን ቀጭን መስመር ቀረ። ልጁ መስመሩን በቀለም ሊሰውር ብሩሽ ቢያነሣ ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ «ተወው፤ የታረመ ስሕተት አያሳፍርም» አሉት። ድኻው ሰውም ጊታሩን ተቀብሎ መታ፤ ድምፁንም ሰምቶ ደስ እያለው ሄደ። ልጁ በዚያች ቀን በሰሌዳው ላይ፥ «ገበታው ተሰነጠቀ፤ በሌሊት ስለ ላግሁ ነው። ሸሸግሁት፤ ሰው ተጐዳ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ጀምሮ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ቆመ፤ ማናቸውም ገበታ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ሰዎች በመስኮት ብርሃን ፊት ይመረምሩታል። ልጁ የሠራውን ሽማግሌው ያዩታል፤ ሽማግሌው የሠሩትንም ልጁ ያየዋል።

፬ ከምሳሌው የሚገኝ ትምህርት

ልጆች ሆይ፥ ምንም የማይሠራ ሰው በሥራው አይሳሳትም፤ የሚሠራ ሰው ግን ይሳሳታል። ስለዚህ መሳሳት ብቻውን የሰነፍ ምልክት አይደለም። ሰነፍና ብልኅ የሚለዩት ከስሕተቱ በኋላ በሚያደርጉት ነገር ነው።

ከስሕተት ለመማር ሦስት ነገር ያስፈልጋል። መጀመሪያው ስሕተቱን መግለጥ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሁለተኛው ምክንያቱን መፈለግ ነው። ልጁ፥ «ጐኑ ተሰበረ» ብሎ ብቻ አልቀረም፤ «ስለ ቸኰልሁ ነው» ብሎ ጨመረ። ምክንያቱን ሳይፈልግ «ይቅር በሉኝ» ብቻ የሚል ሰው ነገ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ሦስተኛው ልማድን መለወጥ ነው። የውኃውን ጠብታ በብረቱ ላይ መጣል፥ ልክን ሁሉ ከአንድ መነሻ መለካት፥ ገበታን በብርሃን ፊት መመርመር፥ እነዚህ ሁሉ ከስሕተት የተወለዱ መልካም ልማዶች ናቸው።

ይህ ነገር ለጊታር ሠሪ ብቻ አይደለም። ማንበብ የሚማር ልጅ የማያውቀው ፊደል ሲያጋጥመው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጕረምርሞ ቢያልፍ፥ መምህሩ አይሰማውም፤ አያርመውምም። ያ ፊደል በልጁ ንባብ ውስጥ እንደ ተሸሸገ ስንጥቅ ይቀመጣል። አንድ ቀን የአባቱ ደብዳቤ ሲመጣና ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንብብ ሲለው ያን ጊዜ ይገለጣል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተሳስቶ የሚያነብ ልጅ ግን ጓደኞቹ ቢሥቁበትም በዚያው ሰዓት ይታረማል። እንዲሁም የሒሳቡን መልስ ከባልንጀራው የሚገለብጥ ልጅ ስሕተቱን ከመምህሩ ይሰውራል፤ በገበያ ገንዘብ ሲቈጥር ግን መሰወር አይችልም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ስለዚህ ነው።

ስሕተትን መሸሸግ የሚጐዳው የሸሸገውን ሰው ብቻ አይደለም። ልጁ ለራሱ ፈርቶ ስንጥቁን ሸሸገ፤ በረኃብ ያደሩት ግን ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው የድኻው ሰው ልጆች ናቸው። የተበላሸ ድልድይ የሚሠራ አናጢ፥ የተሳሳተ መድኃኒት የሚያድል ሰው፥ የተሳሳተ ሒሳብ የሚጽፍ ጸሐፊ ስሕተቱን ቢሸሽግ የሌላውን ሰው ሕይወትና ኑሮ ያጠፋል። እውነት መናገር ለባልንጀራ የሚደረግ የፍቅር ሥራ ነው።

ትልልቆችም ከሽማግሌው ሊማሩ ይገባቸዋል። ስሕተቱን የነገረን ልጅ የሚመታ ሰው ልጁን መሸሸግ ያስተምረዋል። ሽማግሌው ጥፋቱን ቀላል ነው አላሉም፤ ልጁም ሦስት ሳምንት ደክሞ ካሠ። ነገር ግን እውነት የሚናገርበትን በር አልዘጉበትም፤ የራሳቸውንም ጕድለት በልጁ ፊት ለመናገር አላፈሩም።

የጊታር ሙጫ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ተከፍቶ ሥራው እንደሚታረም፥ የሰውም ሥራ በእውነትና በንስሓ ተከፍቶ ይታረማል። የመታረም ቀን ሳያልፍ ስሕተትን መግለጥ ይሻላል፤ በዛሬው ቀን የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው ነገ የሦስት ሳምንት ሥራ ይሆናልና።

የቃላት ፍች

አውታር፦ በዜማ ዕቃ ላይ የሚወጠር ጅማት ወይም ክር።
መላጊያ፦ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትና የሚያሳሳበት መሣሪያ።
ስንጣሪ፦ ከእንጨት የተሰነጠቀ ቀጭን ክፍል።
ኢምንት፦ እጅግ ትንሽ፥ እንደ ምንም የሚቈጠር።
ካሠ፦ ለበደለው ሰው ዋጋ ከፈለ።

ጥያቄዎች

፩ የጊታር ፊት ስስም ጠንካራም መሆን ያለበት ስለ ምን ነው?
፪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 ዓ.ም. ከወረቀት ምን ሠራ? በዚህስ ምን አስረዳ?
፫ ልጁ በሰሌዳው ላይ አስቀድሞ የጻፋቸው ሁለት ስሕተቶች ምንና ምን ናቸው? ከእያንዳንዱ ምን መልካም ልማድ አገኘ?
፬ በእያንዳንዱ ልክ ግማሽ ሚሊሜትር ቢበዛ በዐሥራ ሁለተኛው ዘንግ ላይ ስሕተቱ ስንት ይሆናል?
፭ ልጁ ሦስተኛውን ስሕተት የሸሸገው ስለ ምን ነው? በመሸሸጉ የተጐዱትስ እነማን ናቸው?
፮ ሽማግሌው የራሳቸው ጥፋት ነው ያሉት ምንድር ነው? በቤታቸውስ ምን ሕግ አቆሙ?
፯ በትምህርት ቤት የተሳሳታችሁትን አንድ ነገር፥ ምክንያቱንና ማረሚያውን በደብተራችሁ ጻፉ።